«እወድሃለሁ» ለማን ይባላል?

በቁልቢ ገብርኤል ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን፣ ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ የወጣ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ከተማዋ ከታች በአቧራና በሙቀት ተጋርዳ ትቀራለች። ጆሮ ይደፈናል፣ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ሹፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ከኋላ አንዲት እናት «አደራህን ገብርኤል!» ትላለች። ባለፈው ዓመት በዚያው ቀን እዚያው መንገድ ላይ ነበርኩ። ሹፌሩ መዝሙር ከፍቷል። ዘማሪዋ አንድ «አንተ» ትናፍቃለች። ያለ እሱ ሌሊቱ አልነጋ ብሏታል፤ ድምፁን ካልሰማች እህል አልወርድ ብሏታል። ሁለት አንጓ አለፈ፤ ሦስተኛው ተጀመረ። ከኋላ ወንበር አንድ ወጣት አላስችል አለውና «አቦ፣ ይሄ ነገር ዘፈን ነው መዝሙር?» ብሎ ጠየቀ።

ጉልበቷ ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ይዛ አጠገቤ የተቀመጠች አሮጊት መለሰችለት። «ስሙን እስክትጠራ ጠብቅ። ካልጠራች ዘፈን ነው።»

መኪናው በሳቅ ተሞላ። እኔም ስቄያለሁ። ደንገጎ ደርሰን ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀርሳ ስንታጠፍ ግን ሳቄ ወደ ሐሳብ ተለወጠ። ጋዜጠኝነት ስማር ስለ ሂስ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ አጭርና እንዲህ ጠንካራ መለኪያ የሰጠኝ መምህር ግን አላስታውስም። ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያች ሴት መልስ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። በኦርቶዶክሱም በፕሮቴስታንቱም ቤት፣ በካሴት ዘመንም ዛሬ በስልክ ዘመንም፣ አንድ ዓይነት ስሞታ ሲመላለስ እንሰማለን። አዳዲሶቹ መዝሙሮች የዘፈን ቋንቋ ይዘው ገብተዋል፤ ለወንድና ለሴት የሚባለው ለእግዚአብሔር እየተባለ ነው፤ «አፈቅርሃለሁ»፣ «ናፈቅኸኝ»፣ «እቅፍህ ውስጥ» ማለት ነውር ነው ይባላል። ስሞተኞቹ ብዙ ጊዜ ሸምገል ያሉና ጨዋ ሰዎች ናቸው። በቅንነት የሚናገሩ ስለሆነ በቅንነት ልመልስላቸው፤ ነውር የምትሉት ነገር ከውጭ የመጣ አይደለም፤ በየቤታችሁ ራስጌ የተቀመጠ ነው።

ዳዊታችሁን ግለጡት። የኢትዮጵያ ዳዊት የመዝሙር መጽሐፍ ብቻ እንዳልሆነ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ያውቃል። ከ151ዱ መዝሙር ቀጥሎ 15ቱ የነቢያት ጸሎት ይመጣል፤ እዚያ ውስጥ የሠለስቱ ደቂቅ የእሳት መዝሙር አለ፤ ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ከእቶን ያወጣቸው እነሱ ናቸው። ከዚያስ? መኃልየ መኃልይ! የሰሎሞን የፍቅር መጽሐፍ፣ ከከንፈሩና ከጡቱ፣ ከሌሊት ፍለጋውና ከበር ማንኳኳቱ ጋር ይመጣል፤ ከዚያም ውዳሴ ማርያም። አባቶቻችን ብራናውን ሲጠርዙ ይህን መጽሐፍ ከእጃቸው ሊያወጡት ይችሉ ነበር። አላወጡትም። በየቀኑ ከሚጸለየው ጋር በአንድ ቆዳ ሰፉት። ሊቃውንቱ ሙሽራው ክርስቶስ፣ ሙሽሪትም ቤተ ክርስቲያን ናት ብለው ተርጉመውታል፤ ትርጓሜው ግን ቃሉን አላስቀረም። ከንፈሩ ከንፈር እንደሆነ ቆይቷል። በባሕር ማዶም እንዲሁ ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን የነበረው የክሌርቮው በርናርዶስ በዚህችው ትንሽ መጽሐፍ ላይ 86 ስብከት ሰብኮ ገና ሦስተኛውን ምዕራፍ ሲጀምር ሞት ቀደመው። መነኩሴ ነበር፤ አላፈረም።

መልክእን ደግሞ እንመልከት። የግእዝ ሥነ ጽሑፋችን ካፈራቸው የግጥም ዓይነቶች እንደ መልክእ የሚገርመኝ የለም። ገጣሚው የሚወደውን ቅዱስ ወይም እመቤታችንን ወይም ጌታን ይዞ ከራስ ጠጉር ይነሣል። ለጠጉር አንድ አንጓ፣ ለግንባር አንድ አንጓ፤ ለሽፋሽፍት፣ ለዓይን፣ ለጆሮ፣ ለጉንጭ፣ ለከንፈር፣ ለጥርስ፣ ለምላስ፣ ለእስትንፋስ፣ ለአንገት፣ ለትከሻ፣ ለክንድ፣ ለጣት እያለ እስከ እግር ጥፍር ይወርዳል። እያንዳንዱ አንጓ በሰላምታ ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ አምስት መስመር ነው፤ ቤት ይመታል። ገብርኤልም መልክእ አለው፤ አካል የሌለው መልአክ ጥፍር ተሰጥቶት ጥፍሩ ይወደስለታል! እንግዲህ ለመልአክ ጥፍር ሰላምታ ያቀረበ ሕዝብ «ናፈቅኸኝ» በሚል ቃል የሚደነግጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ከስሞተኞቹ ጋር አልስማማም። ሆኖም ከአዳዲሶቹ መዝሙሮች ጋርም ጠብ አለኝ፤ ጠቤ ግን ሌላ ነው። ችግራቸው ፍቅርን መግለጣቸው አይደለም፤ የገለጡት ፍቅር ማንንም የማይመስል መሆኑ ነው። ያቺ አሮጊት ስሙ አልተጠራም አለች። እኔ ደግሞ የማንም ስም አልተጠራም እላለሁ። የዘማሪውም፣ የጎረቤቱም፣ የሰፈሩም፣ የታመመችው እናቱም ስም የለም። በመልክእና በጸሎት መጻሕፍት ብራና ላይ በየአንጓው መካከል የባለቤቱ የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ተጽፎ ይገኛል። ወዳጁም ተወዳጁም ስም ነበራቸው፤ መጽሐፉ ሲሸጥም አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ስም ፍቆ የራሱን ያጽፍ ነበር። ዛሬ በሚኒባስ የሰማሁት መዝሙር ግን ከማንም ለማንም ሊሆን ይችላል። «እኔ»ና «አንተ» ብቻ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል፤ በሩ ተዘግቷል፤ ሦስተኛ ሰው አይገባም። እናንተው ሞክሩት። ከሰማችኋቸው አሥር መዝሙሮች በስንቱ ውስጥ ዘማሪው የሚወደው ሌላ ሰው አለ? ዮሐንስ በመጀመሪያው መልእክቱ 4ኛ ምዕራፍ ላይ የሚታየውን ወንድም ትቶ የማይታየውን እወዳለሁ የሚለውን ሰው በምን ዓይነት ስም እንደሚጠራው ታውቃላችሁ።

ሁሉም እንዲህ ነው አልልም። በደርግ ዘመን 7 ዓመት የታሰረው የተስፋዬ ጋቢሶ መዝሙሮች በእኔ ዕድሜ ላለ የፕሮቴስታንት ልጅ የእናት ጡት ያህል ናቸው፤ እኔ ያደግሁት በኦርቶዶክስ ቤት ቢሆንም ከግድግዳው ማዶ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እሱም አምላኩን «አንተ» ይላል፤ እሱም ፍቅሩን አይደብቅም። ነገር ግን ስትሰሙት ቃሉ ምን እንዳስከፈለው ታውቃላችሁ፤ ከኋላው ግድግዳ አለ፣ በር አለ፣ የሚጠብቁት ሰዎች አሉ። ዜማ ያላማረለት መዝሙር ቢኖረው እንኳ ክብደቱ ይሰማል። ብዙዎቹ የዛሬዎቹ ከዚህ የሚለዩት በድምፅ ጥራት አይደለም፤ በዚያስ ይበልጡታል።

«አንተ» ያልኩትን ቃል እዚህ ላይ ጥቂት ላቆየው። አማርኛ ተናጋሪ ከሆነ ሕዝብ ውስጥ ፈጣሪውን «እርስዎ» የሚል አላጋጠመኝም። ለአባት፣ ለአማት፣ ለቄስ፣ ለቀበሌ ሊቀመንበር «እርስዎ» ወይም «አንቱ» የሚል ሰው እልፍኙ ገብቶ ሲንበረከክ «አንተ» ይላል። የሰማይና የምድር ጌታ ከአማት ይቀርበናል ማለት ነው። ድሬዳዋ ደግሞ ይህን ነገር ወደ መንገድ አወጣችው። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ እዚህ በረሃ ላይ ደርሶ ከተማ ሲፈጠር ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ በአንድ ገበያ ተደባለቀ፤ ማን ለማን እንደሚነሣለት ለመለካት ጊዜ ያለው ሰው አልነበረም መሰለኝ። ድሬ ሽማግሌውም «አንተ» ነው፤ ሹሙም «አንተ» ነው። ቀፊራ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ፈጽሞ የማታውቀውን ደንበኛ «ነፍሴ» ትለዋለች፤ ከዚራ ጥላ ሥር የተቀመጠ ጎልማሳ ጓደኛውን «ሐያቲ» ይለዋል፤ ያዘነውን «አብሽር» ብለው ትከሻውን ይዘው ነው የሚያነጋግሩት። ክርስቲያኑ «ወላሂ» ብሎ ይምላል፤ ማንም አይገረምም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አባቴን «እሱ» እያልኩ ብጽፍ የደገኛ አንባቢ አይቀየመኝ። ድሬ ነው ያደግሁት።

አባቴ ግን ድሬ አላደገም። ከመንዝ የመጣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ አሁን ጡረታ ላይ ነው። የ9 ዓመት ልጅ እያለሁ አጎቴ ከአገር ቤት ለጥየቃ መጣ። እኔም እንደ ልማዴ ከጓዳ ብቅ ብዬ «አባዬ፣ ና እንጂ፣ ምሳህ ቀዘቀዘ» አልኩት። አጎቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ይቺ ልጅ አባቷን አንተ ነው የምትለው?» አለ። አባቴ ፈገግ ብሎ «እዚህ አገር እግዜሩንም እኛንም የሚጠሩን እኩል ነው» አለው። አጎቴ አልሳቀም። ልጄን መቅጣት ነበረብህ የሚል ነገር በዓይኑ ይታይ ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለ አባት ልጆቹን አቅፎ የሚስም፣ እወዳችኋለሁ የሚል ይመስላችኋል? በጭራሽ። ቃሉ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። የፈተና ውጤት ስናሳየው «ደህና» ይላል፤ ያ ከሁሉ የሚበልጠው ነበር። ከቤት ስወጣ የሚለኝ «ዣንጥላ ያዢ» ነው፤ ያውም ድሬ፣ ዝናብ በወር አንዴ በማይመጣበት!

የማውቀውን ያወቅሁት ተደብቄ ነው። ሳሎን ነበር የምተኛው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይነሣል፤ ነጠላውን ያጣፋል፤ ወደ ምሥራቅ ቆሞ ዳዊቱን በግእዝ ያነበንባል፤ ያ እንደ ባቡሩ እኩል እኩል የሚሄድ ድምፅ መልሶ ያስተኛኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ግን ዳዊቱን አጥፎ ወደ አማርኛ ይሻገራል። ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ከካቦው ጋር የሚነጋገር ሠራተኛ ይመስላል። አንድ ሌሊት፣ የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እንዲህ ሲል ሰማሁት፤ «ያቺ ልጅ ሌሊት ሌሊት ታስላለች። እኔ ምን አውቃለሁ፤ አንተ ታውቃለህ። ከዓይኔ አብልጬ እንደምወዳት ታውቃለህ። እንግዲህ ያንተ ፋንታ ነው።» ቀጥሎ የወንድሜን ስም ጠራ። ቀጥሎ በባሕር ወደ የመን የተሻገረውን የሙስሊሟን ጎረቤታችንን ልጅ ስም ጠራ፤ ባሕሩ እንዳይወስደው ለመነ። ከሥራ ጓደኞቹ መካከል ደመወዝ የተያዘበትን ሰው ጠራ። እኔ ብርድ ልብሱን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ።

የአማርኛ ሰዋስው እዚህ ላይ ጨካኝ ነው። «እወዳታለሁ» ብሏል አባቴ፤ «እወድሻለሁ» ግን አላለም። ልዩነቱ በግሱ ወገብ ላይ ያሉ ሁለት ፊደላት ናቸው። ለእግዚአብሔር ስለ እኔ ተነገረው፤ ለእኔ አልተነገረኝም። የመዝሙሩ ሰዎች ደግሞ ግልባጩ ናቸው። «እወድሃለሁ» ሞልቷቸዋል፤ «እወዳታለሁ»፣ «እወዳቸዋለሁ» የለባቸውም። አባቴ በአንድ ሌሊት ጸሎት ውስጥ አራት ሰው ያስገባል፤ እነሱ በአንድ ሙሉ አልበም ውስጥ አንድ ሰው አያስገቡም። እንደ ሂስ ጸሐፊ ከተጠየቅሁ የአባቴ ጸሎት የተሻለ ድርሰት ነው። እንደ ልጅ ከተጠየቅሁ ግን ያ ድርሰት ለእኔ አልተላከም፤ ሰርቄ ነው ያነበብኩት።

እርግጥ ነው፣ አማርኛ ፍቅርን ሳይናገር የሚናገርባቸው መንገዶች አሉት። ልጅ ሲደናቀፍ እናት «እኔን!» ትላለች፤ የመጣው በእኔ ላይ ይሁን ማለቷ ነው። በሰው ፋንታ መሰቀልን የሚያህል የክርስትና ትምህርት በሦስት ፊደል! አንዲት ጉርሻ ለማጉረስ «በሞቴ» እንላለን፤ «አፈር ስሆን» እንላለን። ነገር ግን ተመልከቱት፤ ሁሉም ሞት ነው። በደህናው ቀን፣ ሁላችንም በሕይወት ሳለን፣ ያለ መቃብር ፍቅርን የምንናገርበት ቃል ጠፍቶብናል። የፍቅር እስከ መቃብር ርእስ ራሱ ይህንኑ ያመነ ይመስላል። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ መጽሐፍ በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነው፤ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የሚያንቀው የአባቷ ኩራት ብቻ ሳይሆን ያ ስእለት ጭምር ነው። የእግዚአብሔር ፍቅርና የሰው ፍቅር በአንድ ልጅ ደረት ውስጥ ተጣልተዋል፤ ከተለያዩ በኋላም እንደገና የተገናኙት እሱ ለሞት ሲቃረብ ነው። አባቴ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው አንድም ክፍል አላመለጠውም ነበር፤ «ይሄ ልጅ አፉን ቢከፍት ኖሮ» ይል እንደነበር እናቴ ትነግረናለች። እሱ ነው እንግዲህ እንዲህ የሚለው!

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ 17 ዓመቴ ነበር። ንጋት ላይ አባቴ ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ወደ ወንዙ ሄደ፤ እኔም ተከትዬው ሄድኩ። አሸዋው ላይ ያየሁትን ሁሉ አልጽፈውም። አንዲት እናት ግን አትረሳኝም። ጭቃ የሸፈነውን ልጇን ታቅፋ ጉንጩን፣ ቅንድቡን፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየጠራች ስታወድሰው ሰማሁ። መልክእ ነበር። ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ። ያን ሁሉ ቃል ከየት እንዳመጣችው፣ ትናንት ማታ ልጇ እራቱን ሲበላ ከቃሉ ግማሹን ነግራው እንደነበር አላውቅም። አባቴ አጠገቧ ቆሞ ነጠላውን አልብሷት ተመለሰ። ቤት ስንደርስ ወደ እኔ ዞረ፤ የሆነ ነገር ሊል ነው ብዬ ጠበቅሁ። «ጫማሽን አውልቂ፣ ጭቃ ነው» አለ።

ይህን ዝምታ ለመስበር የተሞከሩ መንገዶችም አሉ። ጳውሎስ ለሮሜም ለቆሮንቶስም ለተሰሎንቄም ሰዎች ሲጽፍ በመሰናበቻው ላይ እንዲሳሳሙ ያዛል፤ በቅዳሴያችንም ዲያቆኑ ይህንኑ ያውጃል፤ ዛሬ ግን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንገታችንን ሰበር አድርገን እጅ እንነሣሣለን፤ ያም የሚሆነው አጠገባችን የቆመውን ሰው ካየነው ነው። በፕሮቴስታንት አዳራሽ ደግሞ ሰባኪው «ለጎረቤትህ እወድሃለሁ በለው!» ይላል፤ አንድ ሺህ ሰው ዞሮ ለአንድ ሺህ ሰው ይናገራል። አንድ ወዳጄ ጋብዞኝ ሄጄ ደርሶኛል። የነገረኝ ሰው ስሜን አልጠየቀኝም፤ ዓይኑም መድረኩ ላይ ነበር። በትእዛዝ የተባለ ፍቅር የመንግሥት መፈክር ይመስላል ብዬ በልቤ አሾፍኩ። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል ግን ይህንንም ልጨምር፤ በግራዬ የነበረች አንዲት ሴት ከሰባኪው ትእዛዝ ተነሥታ ባሏን አቅፋው ቆየች፤ ሌላው ሰው ተቀምጦ እንኳ እሷ አልለቀቀችውም። ምናልባት ለዓመታት ሰበብ ስትፈልግ ኖራ ይሆናል። ሹፌቴን መለስኩ።

ወደ ቁልቢ ልመለስ፤ ለምን እንደምሄድ አልነገርኳችሁም። የአባቴ ጉልበት ስለደከመ ከአዲስ አበባ አስጠርቶኝ አንድ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ዣንጥላ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ለገብርኤል አድርሽልኝ። ዕዳ ነው» አለ። ምን ዕዳ ብለው የማይመልስ መሆኑን ስለማውቅ አልጠየቅሁም። ራስ መኮንን እንኳ ለቁልቢ ገብርኤል ከዐድዋ ዘመቻ ጋር የተያያዘ ስእለት እንደነበራቸው ይነገራል፤ የእሳቸው ስለ ጦርነት ነው፤ የአባቴ ስለ ጡረታው ይሆናል አልኩ።

ቁልቢ በታኅሣሥም በሐምሌም 19 ቀን እንዴት እንደምትሆን ያየ ያውቃል። ድንጋይ በጀርባው አዝሎ ዳገቱን የሚወጣ ጎልማሳ፣ በጉልበቷ የምትሄድ ወጣት፣ የስለት ልጃቸውን ክርስትና ሊያስነሡ የሚጋፉ ወላጆች፣ በሬ የሚጎትት፣ ጧፍ የሚያከፋፍል ሰው። አብሮን የተሳፈረ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ዕጣን ይዞ መጥቶ ነበር። ፍቅርና ብድር እዚህ አይለያዩም፤ ይህ ንግድ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔም በተማሪነቴ እንዲህ እል ነበር። ነገር ግን እዚህ ማንም ስም የሌለው ፍቅር ይዞ አይመጣም። ሁሉም ስለ አንድ ሰው ነው የመጣው። ስለ ልጇ፣ ስለ ዓይኑ፣ ስለ ጠፋው ወንድም። ያን ያጣሁትን «እወዳታለሁ» ቁልቢ ላይ በድንጋይ ክብደት ተመዝኖ አየሁት።

ስእለት መቀበያው ላይ ዣንጥላውን ስፈታው ከዘርፉ ጋር በክር የታሰረ ወረቀት ወደቀ። የአባቴ የእጅ ጽሕፈት ነው። ተቀባዩ ካህን አነሣውና በድምፅ ማጉያው አነበበው። የክርስትና ስሜን ጠራ። በ1986 ዓ.ም. በወባ ታማ የተስፋ መቁረጫ ላይ በደረሰች ጊዜ አባቷ የተሳለው ነው፤ አድጋ በራሷ እግር መጥታ በራሷ እጅ እንድታስገባው ነበር ስእለቱ፤ ይላል ወረቀቱ። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀው ለካ እኔን ነው። ነጭ የለበሰው ሕዝብ እልል አለ። የማያውቁኝ ሴቶች ሳሙኝ። ያቺ የሚኒባሷ አሮጊት ብትኖር «ይኸው ስምሽ ተጠራ» ትለኝ ነበር። ተጠራ፤ ግን አሁንም በካህን አፍ ነው፤ አሁንም «እሷ» ነኝ።

በ20 ከሰዓት በኋላ ድሬ ገባሁ። አባቴ ግቢው ውስጥ፣ ጥላው ሥር፣ ሻሂውን ይዞ ተቀምጧል። ማድረሴን ነገርኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱ መነበቡን አልነገርኩትም። ከብዙ መዋል ማደር በኋላ፣ ለራሴ እንግዳ በሆነ ድምፅ፣ «አባዬ፣ እወድሃለሁ» አልኩት።

«ምን?» አለ እጁን ወደ ጆሮው አስጠግቶ። ጆሮው ደክሟል።

ምርጫ አልነበረኝም። ጮክ ብዬ ደገምኩት፤ ከአጥሩ ማዶ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤታችን እጇን አየር ላይ እንዳለ አቆመችው።

አባቴ ትክ ብሎ አየኝ። «ምነው? ብር አለቀብሽ እንዴ?»

አላለቀብኝም አልኩት። «ታዲያ ሻሂሽን ጠጪ፣ ይቀዘቅዛል» አለኝ።

በማግሥቱ ሌሊት እንደ ልጅነቴ ሳሎን ተኝቼ ነበር። በ11 ሰዓት ተነሣ። ዳዊቱን ደገመ፤ አጠፈው። ጆሮው ከደከመ ወዲህ የራሱን ድምፅ አይለካም፤ ዝቅ ያደረገ ይመስለዋል እንጂ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

«ያቺ ልጅ ትናንት ያለችኝን ሰምተሃል አይደል?» አለ። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እኔማ ምን ተብሎ እንደሚመለስ አላውቅም። አንተው ንገራት።»